ያቋረጡት ሰንፈው አይደለም፦ ስለ ሀዋሳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለወጣው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳይቀር ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። በሀዋሳ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያቋርጠው ተማሪ በዛ የሚል ነው። ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሳታቸው ያስመሰግናቸዋል። የዘረዘሩት ምክንያትና ያዘዙት መድኃኒት ላይ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ላላነበበው በአጭሩ እንዲህ ነው የሚሉት። ተማሪው በስልክና በጫት ልቡ ሸፍቷል። ወላጅ ልጁን መከታተል ትቷል። ሴቶቹን ልጆች የልብስ ፋብሪካዎች ያሉበት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ወስዶብናል። የቀሩትን ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተስፋ አስቆርጧቸዋል። መፍትሔው ምንድን ነው ሲባል፣ ቀሪ ያበዛ ይሰናበት፣ ወላጅ ይቀጣ፣ ፋብሪካዎች 12ኛ ክፍል ያልጨረሰ እንዳይቀጥሩ ይከልከሉ፣ ፈተናው ይቅለል፣ አነቃቂ ተናጋሪ ይጋበዝ፣ አዳዲስ ሕንፃ ይሠራ ይላሉ። እኔ በዚሁ ከተማ 9ኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ የክፍል ኃላፊም ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ከስም መጥሪያው መዝገብ ጋር ስውል ስለማየው ነው።

ከስልኩ ልጀምር። ልጆቹ ቲክቶክ ላይ ያመሻሉ፣ እውነት ነው። ግን ስልክ ትምህርት የሚያስጥል ቢሆን ኖሮ ቀድመው የሚያቋርጡት የተሻለ ስልክ የያዙት የግል ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። እነሱ ሲያቋርጡ አላየንም። የእኛ ተማሪ ደግሞ ከስልክ ሌላ መጽሐፍ የማያገኝበት ጊዜ አለ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ስላልደረሰ በፒዲኤፍ ነው ስናስተምር የከረምነው። ስልክ የሌለው ልጅ በጓደኛው ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ እያነበበ ዓመቱን ጨርሷል። ጫቱ ላይ ደግሞ ጸሐፊው ቅደም ተከተሉን የገለበጡት ይመስለኛል። እኔ የማውቃቸው ልጆች መጀመሪያ ከክፍል ቀሩ፣ ከዚያ በኋላ ነው መዋያ የፈለጉት። ዩኒፎርሙን ለብሶ ከቤት የወጣና አርፍደሃል ተብሎ በር የተዘጋበት ልጅ እስከ ስድስት ሰዓት የት ይዋል? ቤቱ ቢመለስ ይጠየቃል። ጫት ቤቱ አይጠይቀውም።

ዋናው ጸባችን ቀሪ ያበዛ ይሰናበት የሚለው ላይ ነው። ይህ ሐሳብ ብዙ ባልደረቦቼም ዘንድ ደጋፊ አለው፤ ክፍሉ ይጸዳል ይላሉ። ማንም ልጅ ግን አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ ከዛሬ ጀምሮ አቁሜያለሁ ብሎ አይወስንም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ በመጀመሪያ አንድ ሰኞ ይቀራል። ቆይቶ ሰኞና ዓርብ ይሆናል። በአንዱ ሰኞ የሒሳብ ቴስት ያመልጠዋል። ቴስቱ ስላመለጠው መምህሩ እንዳይጠይቁት የሒሳብን ክፍለ ጊዜ መፎረፍ ይጀምራል። ጥር ላይ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲደርስ የሚፈተነው ነገር ስለሌለው አይመጣም። በመዝገብ ላይ ያቋረጠው የካቲት ላይ ነው፤ ያጣነው ግን ጥቅምት ላይ ነው።

የክፍሌን ቀሪ በሳምንቱ ቀናት ለይቼ ሳየው የሰኞውና የዓርቡ ከማክሰኞውና ከረቡዑ ይበልጣል። ስንፍና ቢሆን ቀን አይመርጥም ነበር። ነገሩ የስንቅ ነው። በሀዋሳ ዙሪያ ካሉት ወረዳዎች የመጡት ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከሰዓት ወደ ገጠር ይወጣሉ፤ ቆጮውን፣ በቆሎውን፣ ጎመኑን ይሸከሙና እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት ይመለሳሉ። መኪና ያጣ ሰኞን ይቀራል። ስንቁ ቶሎ ያለቀበት ደግሞ ሐሙስ ላይ ነው የሚነሣው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማው ሲደርስ ያ የአንድ ቀን ቀሪ ሙሉ ሳምንት ይሆናል፤ ቤተሰቡ የዓመቱን ገንዘብ የሚያየው በእነዚያ ሳምንታት ስለሆነ ልጁን ሂድ ተማር የሚለው የለም። ትምህርት ከተጀመረ ገና ወር ከምናምን ነው።

ለዚህ ልጅ እኛ ያዘጋጀንለት መልስ ምንድን ነው? «ወላጅ አምጣ።» አንዲት ተማሪዬ ሦስት ቀን ቀርታ መጣችና ወላጅ ካላመጣሽ አትገቢም ተባለች። አባቷ ያሉት ክረምት ላይ መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ነው። መልእክት መላክ አለባት፣ እሳቸው ሥራቸውን ጥለው፣ የመኪና ከፍለው መምጣት አለባቸው። እስከዚያ ልጅቷ በር ላይ ናት። ለሦስት ቀን ቀሪ የተቀጣችው ሌላ ሦስት ቀን ቀሪ ሆነ። ብልጥ የሆኑት ደግሞ አከራያቸውን፣ አንዳንዴም የሰፈሩን ባለ ባጃጅ «አጎቴ ነው» ብለው ይዘው ይመጣሉ። እኛም አጎት አለመሆኑን እያወቅን እናስፈርመዋለን፤ ምን እናድርግ። ጸሐፊው የሚሉት ጥብቅ ሥርዓት ይህ ነው፤ ሲሠራበት ኖሯል፣ ውጤቱም እሳቸው ያዘኑበት ውጤት ነው።

የአሜሪካ ከተሞች ሥርዓት ስለሚያጠብቁ ተማሪ አያቋርጥባቸውም ማለታቸውንም አይቻለሁ። አሜሪካም ብዙ ያቋርጣል፤ ቺካጎ ለምሳሌ ለዓመታት ስትቸገርበት የኖረችበት ጉዳይ ነው። እዚያ ለውጥ ያመጣው ግን ማሰናበት አልነበረም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ኢሌን አለንስዎርዝና ጆን ኢስተን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት የ9ኛ ክፍልን ተማሪ ለይተው ተመለከቱ። ዓመቱን ሲጨርስ ወደ 10ኛ የሚያሳልፈውን ያሟላና በዋና ዋና ትምህርቶች ከአንድ የመንፈቀ ዓመት ኤፍ (የመውደቅ ውጤት) በላይ ያላገኘ ተማሪ፣ ከዚህ ከጎደለው ተማሪ ይልቅ በ4 ዓመት የመጨረስ ዕድሉ ከ3 እጥፍ ተኩል በላይ ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ 9ኛ ክፍል ላይ መውደቅን አስቀድሞ በመናገር በኩል ከክፍል መቅረትና አለመቅረት ከ8ኛ ክፍል የፈተና ውጤት 8 እጥፍ እንደሚልቅ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቶቹ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሲቀርና ሲወድቅ ወዲያው የሚከታተል መምህር መመደብ ያዙ፤ የሚያጠናቅቀው ተማሪ ቁጥርም አደገ። ቺካጎን ከሀዋሳ ጋር ለማስተካከል አይደለም። አሜሪካን ጸሐፊው ራሳቸው ስለ ጠሯት ነው።

በእኛ ሁኔታ ይህን ለመሥራት ትልቁ እንቅፋት የክፍሉ ብዛት ነው። መስፈርቱ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ይላል። የእኔ ከ60 ያልፋል፤ ስም ጠርቼ ስጨርስ ከክፍለ ጊዜው የሚሄደው ሄዷል። ቢሆንም የማይቻል አይደለም። ልጁ ሁለተኛ ሰኞ ሲቀር የክፍል ኃላፊው በዚያው ዕለት አብረውት የሚኖሩትን ልጆች ቢጠይቅ ምክንያቱን ያገኘዋል። ቴስት ያመለጠው በዚያው ሳምንት ቢፈተን ሒሳብን አይሸሽም። ቀሪ የምንይዘው ለመቅጣት ከሆነ ልጁ ሲያልቅለት ነው የምናየው።

ጸሐፊው ስለ አቋራጮች ስለ ጠቀሱት መቶኛም አንድ ነገር ልበል። ጸሐፊው የተመረኮዙበት ቁጥር ከየትምህርት ቤቱ የሚሰበሰበው ነው። መስከረም ላይ ተመዝግቦ ሰኔ ላይ የሌለ ተማሪ አቋረጠ ይባላል። ሰኔ ላይ ካርዱን ወስዶ መስከረም ላይ ሳይመለስ የሚቀረውስ? እሱ እኛ ጋ አላቋረጠም፤ አልተመዘገበም እንጂ። መሸኛ ወስዶ ሌላ ትምህርት ቤት ያልገባውም ተዛወረ ተብሎ ይዘጋል፤ የገባበትን ደውሎ የሚጠይቅ የለም። በክረምቱ የምናጣቸው ልጆች፣ በተለይ ከ9ኛ ወደ 10ኛ ሲያልፉ የሚቀሩት፣ በዚህ ቁጥር ውስጥ በአግባቡ አይታዩም። ጸሐፊው ቁጥሩን ከፍተኛ ነው ብለው ደንግጠዋል። እኔ የምደነግጠው ከዚያ በላይ ነው።

ወላጅ ይቀጣ ለሚለው ብዙ አልልም። ከገበሬ ላይ የሚወሰደው መቀጮ የሚወጣው ለልጁ ደብተርና ለቤት ኪራይ ከተያዘው ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረችው ፕሮግሬሳ የተባለው ፕሮግራም ተቃራኒውን ነበር ያደረገው፤ ልጁ ትምህርት ቤት እስከሄደ ድረስ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል። ክፍያው ክፍሉ ከፍ ሲል ይጨምራል፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ለሴቶች ልጆች ይበልጣል። ምክንያቱም የሚያቋርጡት እዚያ ላይ ነው። እኛ አገር እርዳታ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ብዙ የተመሰገነችበት የተማሪዎች ምገባ እንኳ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉትን የሚመለከት ነው፤ ልጁ 9ኛ ሲገባ ረሀቡ የቆመ ይመስል። የሀዋሳ ተከራይ ተማሪ በቀን አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ውስጥ ቢበላ ሐሙስ ላይ ስንቅ ፍለጋ አይወጣም ነበር።

ፓርኩን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሹን በትክክል ተናግረዋል። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ከተመረቀ ወዲህ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ተነሥተው ወደዚያ የሄዱ ሴቶች ልጆች አሉ። ግን ምን ፈልገው ሄዱ? የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት የፓርኩን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር አድርጎ መዝግቦታል፤ በልብስ ስፌት ዓለም ከዚያ የሚያንስ አልተገኘም። በዚያ ደመወዝ ተስባ የሄደች ልጅ ሌላው አማራጯ ከዚያም የባሰ ነበር ማለት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ነገሩ ተፈተነ። የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ለቆ ወጣ፣ አሜሪካም ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል አስወጣች፣ ብዙ ልጆች ከሥራ ቀሩ። ጸሐፊው እንደሚሉት የወሰዳቸው ፓርኩ ቢሆን፣ ፓርኩ ሲቀዘቅዝ ወደ ክፍል መመለስ ነበረባቸው። እኔ ክፍል ውስጥ ተመልሳ የተቀመጠች አላየሁም። ተመራማሪዎቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ 5 ድርጅቶች ለመቀጠር ባመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናትም ሥራውን ካገኙት አብዛኞቹ በዓመቱ ውስጥ እንደለቀቁ አሳይቷል። ፋብሪካው ልጆቹን ይዞ የሚያስቀር ቦታ አይደለም። ያልፉበታል። ከዚያ ወዲያ የሚያስገባቸው በር ነው የጠፋው።

12ኛ ክፍል ያልጨረሰ አይቀጠር የሚለው ክልከላስ ምን ያመጣል? የሞከርነው ነገር ነው። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ሠራተኞች 8ኛ ክፍል ያጠናቀቁ እንዲሆኑ ደንግጎ ነበር። በደላላ መሄዱ ግን አልቀረም። ፋብሪካው በሩን ቢዘጋባት ልጅቷ እዚሁ ሀዋሳ አቶቴ ወይም ፒያሳ ሰፈር ሰው ቤት ትቀጠራለች፤ እዚያ ደግሞ የሥራ ሰዓት የሚቆጥርላት የለም። በሕግ ከተመጣ ያለው ይበቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትን በቀን ከ7 ሰዓት በላይም ሆነ በሌሊት ማሠራት አይፈቅድም። ይህ ይከበርና፣ የማታ ትምህርቱ ከፋብሪካው ፈረቃ ጋር ይስማማ። አሁን ባለው ሁኔታ ፈረቃዋ የሚቀያየር ልጅ በአንዱ ሳምንት ማታ ትማራለች፣ በሚቀጥለው ማታ ትሠራለች፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ከማታውም ታቋርጣለች። ትምህርት መምሪያውና የፓርኩ አስተዳደር ያሉት በአንድ ከተማ ውስጥ ነው። ቁጭ ብለው የሰዓት ሰሌዳ ለማስማማት የሚከለክላቸው ነገር አይታየኝም።

ፈተናው ተስፋ ያስቆርጣል ማለታቸውን እቀበላለሁ፣ ግን በእሳቸው መንገድ አይደለም። ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን ከጀመሩ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት የ2014ቱ 3.3 በመቶ፣ የ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ ናቸው። በ2015ቱ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ታላቅ ወንድሙ ወድቆ ቤት ሲቀመጥ ያየ የ9ኛ ክፍል ልጅ ለምን እለፋለሁ ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ፈተናውን ማቅለል ለዚህ ልጅ ምን ያደርግለታል? እሱ 12ኛ አይደርስም። ጸሐፊው ያልነኩት ሌላ ነገር አለ። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ 10ኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ነበር። መሰናዶ ያልገባው ተማሪ ያንን ሰርተፊኬት ይዞ ቴክኒክና ሙያ ይገባል፣ ሥራም ያመለክትበታል። ያ ፈተና ሲቀር ጫና ቀነሰ ብለን ተደሰትን፣ እኔም ጭምር። ነገር ግን በግማሽ መንገድ ላይ የነበረው ማረፊያም አብሮ ነው የሄደው። ዛሬ ከ10ኛ የሚወጣ ልጅ በእጁ የሚይዘው ትራንስክሪፕት ብቻ ነው፤ ቀጣሪውም ትራንስክሪፕቱን ገልብጦ አያየውም። አራት ዓመት ሙሉ ተምሮ መጨረሻ ላይ ከመቶ ጥቂቶቹ ብቻ የሚያልፉበት መንገድ ሲታየው፣ ባጃጅ መንዳት የመረጠ ልጅ ሒሳቡን አልተሳሳተም። መለወጥ ያለበት ሒሳቡ የቆመበት ነገር ነው። 12ኛን ለጨረሰ ዩኒቨርሲቲ ባይገባም የሚቆጠርለት ነገር ይኑር፤ 10ኛን ለጨረሰም ወደ ሙያ የሚያስገባ ግልጽ መንገድ ይኑር።

አነቃቂ ተናጋሪ። እሺ፣ ይምጡ። ባለፈው የመጡት እንግዳ ሰልፍ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ሕልም ተናግረው ሄዱ፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግን ተቃጠለ። ስለ ትምህርት ጥቅም መንገር ዋጋ የለውም አልልም። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ጄንሰን በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የ8ኛ ክፍል ወንዶች ልጆችን የተማረ ሰው በእውነት ምን ያህል ደመወዝ እንደሚያገኝ ነግሮ በቀጣዮቹ ዓመታት ተከታተላቸው። የሰሙት ካልሰሙት ይልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ቆዩ። ግን የቆዩት አቅም ያላቸው ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በጣም ድሃ የሆኑት ሰሙ፣ አመኑ፣ ሆኖም በትምህርታቸው ላይ የተለወጠ ነገር የለም። የእኛዎቹ አቋራጮች ደግሞ አብዛኞቹ ከእነዚያ ወገን ናቸው። እንግዲህ ለተናጋሪው የሚከፈለው አበል ካለ ለደብተርና ለዩኒፎርም ይሁንልን።

አዲስ ትምህርት ቤት ይሠራ በሚለው እንስማማለን፣ ቦታው ላይ ካልሆነ በቀር። ከተማው መሃል ባለው ግቢ ላይ ተጨማሪ ፎቅ ማውጣት ለምረቃ ያምራል። ስንቅ ተሸክሞ የሚመጣውን ልጅ ግን አንድ እርምጃ አያቀርብለትም። በሀዌላ ቱላ በኩል ባሉት የገጠር ቀበሌዎችና ከዚያ ወዲያ ባሉት ወረዳዎች 9ኛና 10ኛን ብቻ የሚያስተምር፣ ጥቂት ክፍሎች ያሉት ትምህርት ቤት ቢከፈት፣ ልጁ በ15 ዓመቱ ቤት ተከራይ አይሆንም ነበር። ያ በጀት ይፈልጋል፤ ዓመታትም ይወስዳል። ጸሐፊው ትምህርት መምሪያው ዘንድ የሚደመጡ ሰው መሆናቸውን ሰምቻለሁ። ከሆነ፣ ከመጪው መስከረም ምዝገባ በፊት አንድ ነገር ብቻ ያስፈጽሙልን፦ ተከራይ የሆነ ተማሪ በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ የአከራዩን ስልክና ከተማ ውስጥ የሚጠራለትን አንድ ሰው ይጻፍ፤ ሲቀር እኛ እንደውል፤ እሱን «ወላጅ አምጣ» ብሎ ከበር መመለስ ይቅር።